እንስሳት ያስባሉን?

ሰው ከእንስሳ በምን ይለያል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙዎቻችን ሳንዘገይ «በማሰቡ» ብለን እንመልሳለን። «እንግዲያስ እንስሳ ከቶ አያስብምን?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ሲከተል ግን መልሱ እንደ ፊተኛው አይፈጥንም። አንዱ፥ ውሻው በጨለማ የጌታውን ኮቴ ከእንግዳ ኮቴ ለይቶ ዝም ማለቱን ያነሣል። ሁለተኛው፥ በቅሎው አንድ ጊዜ የወደቀችበትን መሻገሪያ ዐውቃ እንቢ ማለቷን ይተርካል። ሦስተኛው ደግሞ «ተዉት፤ እንስሳ የሚኖረው በደመ ነፍስ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

ይህ የሥራ ፈቶች ክርክር የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እኛ በሬ ጠምደን የምንበላ፥ አህያ ጭነን የምንገበይ፥ በቅሎ ለጕመን የምንሻገር ሕዝብ ነን። ስለዚህ ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ በቃል ብቻ አይቀርም፤ በእጃችን ባለው ጅራፍና በአህያይቱ ጀርባ ላይ በምንከምረው ጭነት ይገለጣል። አባቶቻችን በዚህ ነገር ምን እንዳሉና ምን እንዳደረጉ፥ ሌላውም ዓለም በኋላ ወደ ምን እንደ ደረሰ መመርመር የሚገባን ስለዚህ ነው።

ምርመራውን ከጋይንት እንጀምር። በጋይንት ዙር አባ የተባለው ጥንታዊ ገዳም ይገኛል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረ ሰው ትምህርቱን የሚያስመሰክረው በዚያ ነው። የድጓው ማስመስከሪያ ቤተልሔምም በዚያው በጋይንት ነው፤ ወደ እስቴ ሲሻገሩ ደግሞ ስሟ በዜማ ስልት የሚጠራው ቆማ አለች። ከስማዳ ቆላ፥ ከእስቴ ደጋ፥ ከሌላውም አገር ደበሎ የለበሰና አኰፋዳ ያነገተ ተማሪ ወደነዚህ ደብሮች ሲጐርፍ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል። የዚህ ሁሉ ዜማ አባት የአክሱሙ ቅዱስ ያሬድ ነው፤ በ6ኛው መቶ ዓመት፥ በንጉሡ በገብረ መስቀል ዘመን፥ ወደ ዙር አባ መጥቶ እንዳስተማረ በትውፊት ይነገራል።

የቅዱስ ያሬድን የልጅነት ታሪክ የማያውቅ የቆሎ ተማሪ የለም። ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩ አባ ጌዴዎን ቢገርፈው ኰበለለ። በመንገድም ደክሞት ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፈ፤ በዚያም አንድ ትል ወደ ዛፉ ፍሬ ለመድረስ ሲወጣ፥ ሲወድቅ፥ እንደገና ሲወጣ አየ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከፍሬው ደረሰ። ያሬድም ይህን አይቶ ልቡ ተነካ፤ ወደ መምህሩ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ትምህርቱም ተገለጠለት።

ይህን ታሪክ ዘወትር የምንሰማው ስለ ትዕግሥት ሲነገር ነው። ነገር ግን በውስጡ ሌላ ጥያቄ ተሰውሮ ይገኛል። ትሉ ሰባት ጊዜ የወጣው ዐስቦ ነውን? ፍሬውን በልቡ ሥሎ፥ ውድቀቱን ዐውቆ፥ ተስፋ አልቈርጥም ብሎ ነውን? ወይስ ረኃብ ብቻ እየገፋው፥ መውደቁን እንኳ ሳያስታውስ ነው? ታሪኩ ይህን አይነግረንም። የሚነግረን አንድ ነገር ነው፤ የዜማው አባት የሰው አንደበትና የመምህር አርጩሜ ያላስተማረውን ከአንድ ትል ተማረ። ያሬድ ትሉን «ምን ያውቃል» ብሎ ንቆት ቢሆን ኖሮ፥ የሚማረውም ነገር ባልነበረ ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሰው ቃል እንመለስ። «ደመ ነፍስ» ማለት ምን ማለት ነው? በቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት፥ ሐሙስ ከባሕር፥ ዓርብ ከምድር የተገኙት ፍጥረታት በሦስት ወገን ይከፈላሉ፤ በእግር የሚሽከረከሩ፥ በክንፍ የሚበሩ፥ በልብ የሚሳቡ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ሕይወታቸው ከደማቸው ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፥ በደመ ነፍስ ሕያዋን ናቸው ይባላል፤ ደማቸው ሲፈስ ሕይወታቸውም ያበቃል። ሰው ግን ልባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት ነፍስ አለችው፤ ታስባለች፥ ትናገራለች፥ ሥጋ ሲሞት አትሞትም።

እንግዲህ በመምህራን ዘንድ ቃሉ የተነገረው፥ የሰው ነፍስ ከእንስሳ ሕይወት የምትለይበትንና ከሞት በኋላም የምትኖርበትን ምሥጢር ለማስረዳት ነው። ወደ መንደርና ወደ ገበያ ሲወርድ ግን ትርጉሙ ሌላ መልክ ያዘ። ደንግጦ የሮጠን ሰው «በደመ ነፍስ ሮጠ» እንላለን፤ ሳያስብ አደረገው ማለታችን ነው። ጨካኝ ሰው ደግሞ ከዚህም አልፎ «እንስሳ ምን ይሰማዋል» ሲል በዚሁ ቃል ይመካል። ይህን የመጨረሻውን ትርጉም ግን ከአባቶች አልተማርነውም።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሕይወት በደም ናትና ደም አይበላም ተብሎ ታዘዘ፤ ደሙ ወደ ምድር ይፈስሳል እንጂ ወደ ማዕድ አይቀርብም። አራጁም ቢላዋውን ሲያነሣ በአብ፥ በወልድ፥ በመንፈስ ቅዱስ ስም ይባርካል። ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው ይህን የማድረግ ግዴታ የለበትም፤ በግ የሚያርድ ግን አለበት፤ እጁን የሚዘረጋበት ሕይወት የራሱ እንዳልሆነ ያውቃልና። በኦሪትም ለአገልጋይና ለእንግዳ የተሰጠው የሰንበት ዕረፍት ለበሬና ለአህያ ጭምር ተሰጠ፤ በአውድማ ላይ የሚያበራየውም በሬ አፉ እንዳይታሰር ተከለከለ። በሬ የማይደክምና የማይጐመጅ ፍጥረት ቢሆን ኖሮ ይህ ሕግ ለምን አስፈለገ? የበለዓም አህያም ጌታዋ ያላየውን መልአክ አይታ ቆመች፤ እርሱ ግን ሦስት ጊዜ በከንቱ ደበደባት። በመጨረሻ የተገሠጸው ደብዳቢው ነው እንጂ አህያይቱ አይደለችም።

በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግዕዝ የተተረጐመው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍም የአራዊትንና የአዕዋፍን ጠባይ እየተናገረ ሰውን ይመክራል። ጉንዳን በሰልፍ እንደምትሄድ፥ ስንዴን ከገብስ እንደምትለይ፥ ያከማቸችው እህል እንዳይበቅልባት ለሁለት እንደምትከፍለው ይተርካል። በዚህ መጽሐፍ ካለው ብዙው ነገር በዛሬ ምርመራ እውነት ሆኖ አልተገኘም፤ ዐላማው የእንስሳን ልብ መመርመር ሳይሆን የሰውን ምግባር ማቅናት ነበርና። ቢሆንም አንባቢውን ዓይኑን ወደ መስክ እንዲያነሣ አስተምሮታል።

ከመጽሐፍ ወደ ኑሮ ብንሻገር፥ አባቶቻችን ፈረሶቻቸውን ከዕቃ እንዳልቈጠሩ የገዛ ስማቸው ይመሰክራል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። ጌታ በሎሌው ስም ሲጠራ አልታየም፤ በፈረሱ ስም ግን ንጉሥ ተጠራ። ሞት ባለበት ሜዳ አብሮ የዋለ ፍጥረት ይህ ክብር አይበዛበትም።

የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ገበሬም ለበሬዎቹ እንዲሁ ነው። ቦራ፥ ዳማ፥ ጉራች እያለ በመልካቸው ይጠራቸዋል፤ እነርሱም የጌታቸውን ድምፅ ለይተው ያውቃሉ። በቀኝ መጠመድ የለመደውን በሬ በግራ ቢያደርጉት ይወናበዳል፤ ያልተገራውም ወይፈን ከተገራው በሬ ጋር ተጠምዶ ይለምዳል። ገበሬው ትልሙን እስኪጨርስ ድረስ ሲያመሰግን፥ ሲያባብል፥ ሲቈጣ ይውላል። ከሞፈሩ ጋር እንዲህ የሚነጋገር ሰው ብናይ «ዐብዷል» እንል ነበር፤ ከበሬው ጋር የሚነጋገረውን ግን ማንም ዐብዷል አይለውም። ሰሚ እንዳለው ሁላችን እናውቃለንና።

የዚህ ጓደኛችን ውለታ ምን ያህል እንደ ሆነ አገራችን በክፉ ቀን አይታዋለች። በ1880 ዓ.ም. ገደማ፥ በምጽዋ በኩል ከውጭ ከመጡ ከብቶች ጋር ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ገባ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥም የአገሩን ከብት አብዛኛውን ፈጀው። በሬ የሌለው ገበሬ እጁ እንደ ታሰረ ሆነ፤ ረኃቡም እስከ 1884 ዓ.ም. ቆየ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር፥ ያለ በሬ ማረስ ነውር እንዳይመስለው ለሕዝቡ አርአያ ሆኑ። ይህ በሽታ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በሬ ባለቀ ጊዜ ሰው አብሮት ካለቀ፥ በሬን «መሣሪያ ነው» ብሎ ማቃለል ውለታ መካድ አይደለምን?

እንስሳ መሣሪያ ነው የሚለውን ዐሳብ በግልጥ ጽፎ ያስፋፋው የሩቅ አገር ፈላስፋ ነው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በቈረቈሩበት ዘመን አቅራቢያ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1637 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ሬኔ ዴካርት እንስሳት እንደ ሰዓት በውስጣቸው ባለ መዘውር የሚንቀሳቀሱ ናቸው፥ ዕውቀት ግን የላቸውም ብሎ ጻፈ። ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ዋናው ማስረጃው እንስሳት ቋንቋ የላቸውም የሚል ነበር። ይህን ትምህርት ከተከተሉት ሰዎች አንዳንዶቹ፥ በሕይወት ያለ ውሻ ሲቀደድ የሚያሰማውን ጩኸት ከመዘውር ድምፅ አብልጠው አላዩትም።

ነገር ግን በዚያው በአውሮፓ መልስ የሚሰጥ ሰው አልጠፋም። በ1789 እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም ጥያቄውን ራሱን ለወጠው። እርሱ እንዳለው መጠየቅ ያለብን እንስሳት ይመራመራሉ ወይ፥ ይናገራሉ ወይ ሳይሆን፥ ይሠቃያሉ ወይ ነው። በ1871 ደግሞ ቻርልስ ዳርዊን ባሳተመው መጽሐፍ፥ በሰው ልብና በታላላቆቹ እንስሳት ልብ መካከል ያለው ልዩነት የመጠን እንጂ የዐይነት አይደለም አለ። በዳርዊን ትምህርት ሁሉ የማይስማማ ሰው እንኳ፥ በዚህ በኩል ያቀረበውን ማስረጃ በቀላሉ ሊያልፈው አይችልም።

ከዚህ በኋላ ሰዎች ወደ ተቃራኒው ጥግ ሮጡ። በ1904 በበርሊን ከተማ ሃንስ የተባለ ፈረስ ቍጥር ይደምራል፥ ይቀንሳል ተብሎ ዝናው ዓለምን ሞላ። ባለቤቱ ሲጠይቀው በሰኮናው መሬት እየመታ ትክክለኛውን ድምር ይሰጥ ነበር። በ1907 ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ መርማሪ ነገሩን በጥንቃቄ ፈተነ። ጠያቂው መልሱን በማያውቅበት ጊዜ፥ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን በማያይበት ጊዜ፥ ሃንስ ይሳሳት ነበር። ለካስ ፈረሱ ሒሳብ አያውቅም፤ የመታው ቍጥር ከልክ ሲደርስ በሰውየው ፊትና አንገት ላይ የሚታየውን እጅግ ጥቂት ለውጥ ነበር የሚያነበው። ብዙዎች በዚህ ሥቀዋል። አስተዋይ ሰው ግን ሁለት ትምህርት ያገኝበታል። አንደኛው፥ በእንስሳ ልብ ውስጥ የራሳችንን ምኞት እንዳናይ መጠንቀቅ ነው። ሁለተኛው፥ ሰዎች እርስ በርሳቸው ያላዩትን የፊት ምልክት አንድ ፈረስ ማየቱ ራሱ ታላቅ ነገር መሆኑ ነው።

በኋላ የመጡት መርማሪዎች በዚህ ጥንቃቄ ሠሩ። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ኮለር በ1917 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ቺምፓንዚዎች ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሙዝ ለማውረድ ሣጥን በሣጥን ላይ ሲደራርቡ ማየቱን ገለጠ። የእኛም አገር እንስሳ በዚህ ምርመራ ድርሻ አለው። በሰሜን ተራራ ስለሚኖረው ጭላዳ በ2013 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፥ ሴቲቱ ከመንጋው አለቃ ተሰውራ ከሌላ ወንድ ጋር የምትገናኘው አለቃው ራቅ ባለ ጊዜ ነው፤ በዚያም ሰዓት ሁለቱ የለመዱትን ድምፅ ያሳንሳሉ። አለቃው የደረሰበት እንደ ሆነ ይቀጣልና። ይህ የሌላውን ዐሳብ መገመት ነውን? ወይስ ከቅጣት የተገኘ ልማድ ነው? ሊቃውንት ገና ይከራከሩበታል። ሁለቱም ግን ከመዘውር አይገኝም።

በመንዝ ጓሳ ደግሞ ጭላዳዎች ቀይ ቀበሮ በመካከላቸው ሲዘዋወር እንደማይሸሹ ታይቷል፤ ቀበሮውም ግልገሎቻቸውን አይነካም። በ2015 በወጣው ጥናት መሠረት፥ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራው 67ቱ ይቀናዋል፤ ብቻውን ሲያድን ግን የሚቀናው 25ቱ ብቻ ነው። ግልገል ቢነጥቅ የሚጠግበው አንድ ቀን ነው፤ መንጋውን ካላስደነገጠ ግን በየቀኑ ይጠግባል። ይህን ሁሉ በልቡ ቈጥሮ ይሆናል ብሎ መማል አይቻልም። ሆኖም ሰው ከጐረቤቱ ጋር ይህን ያህል ተስማምቶ ቢኖር ብልኅ በተባለ ነበር።

በ2012 በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ የተሰበሰቡ የአንጐል ሊቃውንት፥ ራስን ዐውቆ ለመኖር የሚያስፈልገው የአንጐል መሠረት የሰው ብቻ አለመሆኑን አወጁ። በ2024 ደግሞ በኒው ዮርክ ብዙ ሊቃውንት በፈረሙት መግለጫ፥ አጥቢ እንስሳትና አዕዋፍ የሚደርስባቸውን ነገር በውስጣቸው እንደሚያውቁት የሚያስረዳ ጽኑ ማስረጃ አለ ተባለ። ስለ ዓሦችና ስለ ነፍሳት እንኳ ሊሆን ይችላልና በሩን መዝጋት አይገባም አሉ። የቅዱስ ያሬድ ትል ዐስቦ ይሆን ወይ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ከሊቃውንት ጉባኤ አልወጣም ማለት ነው።

ይህን ስንል ግን የደመ ነፍስን ነገር ሐሰት ማድረጋችን አይደለም። ከዕንቁላል የወጣች ጫጩት ማንም ሳያስተምራት መሬት ትጭራለች፤ ሸረሪትም ያለ መምህር ድሯን ትዘረጋለች። ይህ በውልደት የተሰጠ ነው። የሰውም ልዩነት እውነት ነው። ሰው ያለፈውን በጽሕፈት ያቈያል፤ የሚመጣውን ዐስቦ ጐተራ ይሠራል፤ በሠራው ክፉ ሥራ ያፍራል፤ ያላየውን ሰው መከራ ሰምቶ ያለቅሳል። ሣሩን አይቶ ገደሉን ስላላየው በሬ የሚነገረው ምሳሌ ይህን ያስረዳል። ነገር ግን ምሳሌውን ገልብጠን እንየው። ገደሉን ማየት የሚችለው ሰው ከሆነ፥ በሬው ገደል እንዳይገባ መጠበቅ ያለበትም ሰው ነው። ከፍ ያለ ልብ የተሰጠው ለማዘዝ ብቻ አይደለም፤ በታዘዘለት ፍጥረት ሊጠየቅም ነው።

ስለዚህ እናንት ወጣቶች ከሁለት ጥፋት ራቁ። አንደኛው ለእንስሳ ያልሰጠውን መስጠት ነው። ጅብን የቡዳ ሎሌ፥ ጉጉትን የሞት መልእክተኛ አድርገው የሚያሳድዱ ሰዎች በእንስሳው ልብ ውስጥ የራሳቸውን ፍርሃት ያያሉ፤ በበርሊን ፈረሱን የሒሳብ ሊቅ ያደረጉት ሰዎችም በዚሁ መንገድ ተሳስተዋል። ሁለተኛው የተሰጠውን መንሣት ነው፤ ይህም የሚብሰው ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ያሥቃል፤ ሁለተኛው ግን ደም ያፈሳል።

በገበያ ቀን ከንፋስ መውጫ ወይም ከመካነ ኢየሱስ መንገድ ዳር ቆማችሁ የሚያልፉትን የጭነት አህዮች ተመልከቱ። ገጣባ ሆና ቍስሏ ሳይደርቅ የምትጫን አህያ ብታዩ፥ አትከስስም፥ አቤት አትልም፥ ዳኛ የላትም። ዴካርት ቋንቋ ስለሌላቸው ዕውቀት የላቸውም አለ፤ እኛ ደግሞ ቋንቋ ስለሌላቸው ሕመም የላቸውም የምንል ይመስላል። አንደበት የሌለው ሕፃን ሲታመም ግን እናቱ ከዓይኑ ታውቃለች እንጂ «ካልተናገረ አልታመመም» አትልም። ለእንስሳም የሚያስፈልገው ይኸው ዓይን ነው።

ማድረግ የሚገባንም ከባድ አይደለም። ጭነትን በልክ ማድረግ፥ የሚላላጠውን ጀርባ በደህና ግላስ መሸፈን፥ የቈሰለውን እስኪድን ማሳረፍ፥ ሲሠራ የዋለውን በሬ ከራስ በፊት ውሃ ማጠጣት፥ በሰላም የተኛ ውሻ ላይ ድንጋይ አለመወርወር፥ ጫጩቶቿን የምታበላ ወፍ ላይ ወንጭፍ አለማንሣት ነው። በሬ የሌለው የከተማ ልጅ ድመት ወይም ውሻ አያጣምና፥ እርሱም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም።

እንስሳት ምን ያህል እንደሚያስቡ ሊቃውንት ገና ይመረምራሉ። ሕመም እንደሚሰማቸው ግን ጅራፍ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ባያውቅ ኖሮ ጅራፍ ባልያዘ ነበር። እንግዲህ ስለ እንስሳ ልብ የምንፈርደው ፍርድ የእኛን ልብ ይገልጣልና፥ ማሰብ የእኛ ድርሻ ከሆነ አስቀድመን እኛ እናስብ።